ምን ታየሽ?

(ባለፈው ቅዳሜ ሰፈራችን የንባብ ክበብ ውስጥ ያወራሁትን ጽፈሽ ልቀቂልን ያላችሁኝ በዛችሁ፣ ይኸው። ከድምፅ ቅጂው ላይ ነው የገለበጥኩት፣ ሳሉንና "እእእ" ያልኩበትን ብቻ ነው የቀነስኩት።)

እንደምን ዋላችሁ! ኋላ ያላችሁት ይሰማችኋል? እሺ። በመጀመሪያ በዚህ ዝናብ፣ ያውም ቅዳሜ ከሰዓት፣ ታክሲ ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጋሼ እርስዎም ከፊት ተቀምጠው ገና ሳልጀምር ፈገግ ስላሉልኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ እውነቴን ነው እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ሠዓሊ አይደለሁም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ ተደፍቼ ነው የምውለው። የክበቡ ልጅ ደውላ "ስለ አዲስ አበባ ሥዕል አውሪልን" ስትለኝ ቁጥር ተሳስተሽ ነው ብያት ነበር። እሷ ግን "እናንተ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰባችሁ ምናምን ትሠሩ የለ? እሱን ነው የምልሽ" አለችኝ። ያ ምናምን ነው ዛሬ እዚህ ያመጣኝ።

እስቲ እጅ አውጡልኝ። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ሥዕል ለማየት ብሎ፣ ሌላ ጉዳይ ኖሮት ሳይሆን ሥዕል ለማየት ብሎ ከቤቱ የወጣ? አንድ፣ ሁለት... አምስት... ስድስት። አንተ ግማሽ ነው ያወጣኸው፣ ይቆጠርልህ፣ ሰባት።

አሁን ደሞ፣ ልጅ ሆኖ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ሥዕል ሥሎ ጎረቤት ያዞረ? አያችሁ! አያችሁ አይደል? ቤቱ በሙሉ እኮ ነው! ጋሼም አውጥተዋል!

እኔ በዚህ ነገር ብዙ አስቤአለሁ። ጳጉሜ ላይ ደብተር ቀድደን፣ ከለር ተሻምተን፣ አደይ አበባና መልአክ እንሥላለን። መልአኩ ዓይኑ ከክንፉ ይበልጣል። ከዛ በነጋታው ቤት ለቤት እየዞርን "እንኳን አደረሰዎ" ብለን እንሰጣለን፣ እማማ እገሌ ሳንቲም ይሰጡናል፣ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ወይ ቡፌው መስታወት ላይ ይሰኩታል። ይሄ ምንድነው? ኤግዚቢሽን አይደለም እንዴ? ሥለናል፣ አሳይተናል፣ ሸጠናል፣ ተሰቅሎልናል! ሰባት ዓመታችን ነው! ታዲያ መቼ ነው "እኔ ሥዕል አይገባኝም" ማለት የጀመርነው? ማን ነው የነገረን?

እሺ፣ ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ እንዴት እንደምናይ፣ ሁለተኛ የት እንደምናይ፣ ሦስተኛ ከጓደኛ ጋር እንዴት እንደምንሠራ። የምወደው ሦስተኛውን ስለሆነ ሁለተኛውን ሩጫ በሩጫ ካደረግኩት አትቀየሙኝ።

አንደኛ። እንዴት ነው የምናየው?

የመጀመሪያ ቀን ጋለሪ የሄድኩት በሥራ ባልደረባዬ ግፊት ነው። መክፈቻ ነው ብላኝ እኔ የሰርግ ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። ሳቁ ሳቁ፣ እውነቴን ነው፣ ታኮ ጫማ ሁሉ። በሩ ላይ ጥበቃውን "መግቢያ ስንት ነው?" አልኳቸው። "ነፃ ነው ልጄ፣ ግቢ" አሉኝ። ነፃ ሲባል ደሞ ጭራሽ ፈራሁ፣ እኛ አገር ነፃ የሆነ ነገር ያስፈራል አይደል? ገባሁ። አንድ ትልቅ ሸራ ፊት ቆምኩ። ጥቁር ነው፣ ቡናማ ነው፣ መሃሉ ላይ ክብ ነገር አለ፣ ሰው የለም፣ ዛፍ የለም፣ ምንም የለም። ጭንቅላቴን ወደ ጎን ዘንበል አደረግኩ፣ ያው የሚያውቅ ሰው እንደዛ ሲያደርግ ስላየሁ። አንድ ሰውዬ አጠገቤ መጥቶ ቆመና "ምን ታየሽ?" አለኝ። "ደስ ይላል" አልኩት። "እሱን አይደለም፣ ምን ታየሽ?" አለኝ በድጋሚ። በቃ ተናደድኩ መሰለኝ፣ "የእናቴ ምጣድ ታየኝ፣ እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ መሃሉ የሚያርር ነገር አለ፣ እሱ" አልኩት። ሰውዬው ሳቀ፣ ሳቀ፣ ከዛ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለካ ሠዓሊው ራሱ ነው! ምጣድ ሊሥል አልነበረም፣ ግን እናቱን እያሰበ እንደሠራው ነገረኝ።

ስሙኝማ፣ ይሄ ጥያቄ ነው ሕይወቴን የቀየረው ብል ማጋነን ይሆናል፣ ቅዳሜዬን ግን ቀይሮታል። ምን ታየሽ? "ገባሽ ወይ" አላለኝም። "ወደድሽው ወይ" አላለኝም። ለገባሽ ወይ መልሱ አዎ ወይ አይ ነው፣ ለምን ታየሽ ግን ማንም ሰው መልስ አለው፣ ዓይን ያለው ሁሉ መልስ አለው።

ደሞ እኛ እኮ ማየት የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ፊት ያደገ ሰው ያነባል። ጻድቁ ፊቱን ወደኛ አዙሮ ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉው በጎን ሆኖ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ይሄንን ማንም ክላስ ውስጥ አላስተማረንም፣ አያቶቻችን እጃችንን ይዘው "ያውና፣ አንድ ዓይናው ይሁዳ ነው" እያሉ ነው ያሳዩን። ፒያሳ ጊዮርጊስ የተሳለመ ሰው የአፈወርቅ ተክሌን ሥራ አይቷል፣ ሳያውቀው አይቷል። እኔ ራሴ ስንት ዓመት እዛ ቆሜ የማን ሥራ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ስለ አፈወርቅ ካነሳሁ፣ ይሄ ለእኛ ለሒሳብ ሠራተኞች ነው፣ ሰውዬው በልጅነቱ እንግሊዝ አገር የተላከው ማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። ሥዕል ተምሮ ተመለሰ! እስቲ የዛሬ ወላጅ ቢሆን አስቡት፣ ስልኩ ራሱ አይነሳለትም።

ሁለተኛ። የት ነው የምናየው?

ብር የለኝም የሚል ሰው እዚህ ካለ፣ ብዙው ነገር ነፃ ነው ወይ የማኪያቶ ዋጋ ነው። ጊዜ የለኝም የሚል ካለ፣ እሱን እኔም አልችለውም።

ስድስት ኪሎ ሂዱ። የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ፣ በ2000 ዓ.ም የተከፈተ። ገብረ ክርስቶስ ሐረር ተወልዶ፣ ኮሎኝ ጀርመን ተምሮ፣ መጨረሻ ላይ በስደት አሜሪካ በ1973 ዓ.ም የሞተ ሰው ነው። ጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥራዎቹ ናቸው ተመልሰው እዛ የተሰቀሉት። ግጥሙን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ በቃላችሁ የያዛችሁም አላችሁ፣ ሥዕሉን ግን? አንድ ሰው በሁለት እጁ የሠራውን በአንድ እጁ ብቻ ነው እኮ የምናውቀው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አዳራሹ ውስጥ እኔና አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ብቻ ነበርን፣ እሷ ቀዩ ሥዕል ፊት መወልወያዋን ተደግፋ ቆማ ነበር። ምን ታየሽ ብላት ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፣ አፍሬ ሳልጠይቃት ወጣሁ።

መካኒሳ ዞማ ሙዚየም አለ። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ናቸው ያቋቋሙት፣ በ2011 የተከፈተ። ሕንጻው ጭቃና ጭድ ነው! አያታችን ቤት የተሠራበት ጭቃ፣ ከተማ ስንገባ ያፈርንበት ጭቃ፣ እዛ ግድግዳው ላይ እንደ ጥልፍ ተጠልፎ ቆሟል። ኤልያስ ደሞ የሚሠራበት ዕቃ ምን መሰላችሁ? መርካቶ ምናለሽ ተራ ያለ ነገር። የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ሽቦ፣ ድሮ ደሞ ቁልፍ፣ የሸሚዝ ቁልፍ። ሽቦውን ጠምዝዞ ጠምዝዞ ከሩቅ ስታዩት ከአውሮፕላን ላይ የታየ እርሻ ያስመስለዋል። እኔ ከዛ ከተመለስኩ በኋላ ቢሮ የተበላሸ ኪቦርድ አልጣልኩም፣ ጠረጴዛዬ ስር ሦስት አለ፣ አለቃዬ ጤንነቴን ይጠራጠራል።

አለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን አትርሱት። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም የመሠረቱት ነው። በዓመቱ መጨረሻ ተመራቂዎቹ ሥራቸውን ያሳያሉ፣ ማንም ገብቶ ያያል። እባካችሁ፣ እለምናችኋለሁ፣ ሳሎናችሁ ውስጥ ያለውን ፏፏቴና ሁለት ነጭ ፈረስ ያለበትን የላስቲክ ፖስተር አውርዱና ከአንድ ተማሪ ትንሽዬ ሥዕል ግዙ! ፈረሱን የማታውቁት ነው፣ ፏፏቴውን የማታውቁት ነው። (ይሄን ስል እናቴ ቤት ያለው ፈረስ ትዝ አለኝ፣ እሱን ግን ማውረድ አልቻልኩም፣ ሞክሬያለሁ።)

የአፍሪካ አዳራሽ የአፈወርቅ መስኮቶች ደሞ አሉ፣ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት። አዳራሹ ታድሶ በ2017 ነው እንደገና የተከፈተው። ወደ ውስጥ ለመግባት ቀድሞ መመዝገብ ይጠይቃል፣ ብቻችሁን ከምትሄዱ ተሰብስባችሁ ጠይቁ። ጋለሪዎች፣ የፈረንሳዮቹ አሊያንስ፣ የጀርመኖቹ ጎተ፣ የግጥም ምሽቶች፣ ይሄን ሁሉ ቴሌግራም ላይ ታገኙታላችሁ፣ እኔ አልዘረዝርም፣ ስልካችሁ ከኔ በላይ ያውቃል።

አንድ ቦታ ግን ልጨምር፣ አዝማሪ ቤት። ጋሼ ራስዎን አይነቅንቁ! ሥነ ጥበብ ስንል ሰቅለን የምናየውን ብቻ አስባችሁ ከሆነ አዝማሪ ቤት ተመልካች የሚባል ነገር የለም። ሰው ከመቀመጫው "ተቀበል!" ይላል፣ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆ ያዜመዋል። ጓደኛችን፣ ሹፌር ነው፣ አንድ ምሽት ተነስቶ እንዲህ አለ፦

ኪራዩ ሲጨምር ደሞዝ ባለበት፣
መጣሁ አዝማሪ ቤት ሐሳብ ልጥልበት።

ቤቱ ፈረሰ በቃ! አዝማሪው ሦስት ጊዜ ደገመው። ጓደኛችን ከዛ ቀን ጀምሮ ገጣሚ ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው፣ እኛም ዝም ብለነዋል።

ሦስተኛ። ከጓደኛ ጋር መሥራት።

እኛ አምስት ነን። አንዷ ነርስ ነች፣ አንዱ ያልኳችሁ ሹፌር፣ አንዱ ሞባይል ይጠግናል፣ አንዷ ሁለት ልጅ ያሳደገች የቤት እመቤት ነች፣ እኔ ደሞ ሒሳብ። ከአምስታችን ሥዕል የተማረ ማንም የለም። ከጋለሪው ሰውዬ በኋላ ነው የጀመርነው፣ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት፣ በየተራ ቤት።

መጀመሪያ ዕቃ ያስፈልገናል ብለን መርካቶ ሄድን። ሸራ ዋጋ ጠየቅን፣ አክሪሊክ ዋጋ ጠየቅን፣ ተያይተን ሻይ ጠጥተን ተመለስን። ከዛ አቡጀዲ ገዝተን፣ ሰፈር ያለ አናጺ ፍሬም ሠርቶልን፣ ነጭ የግድግዳ ቀለም በኮላ ቀብተን የራሳችንን ሸራ ሠራን። የመጀመሪያው ሲደርቅ ተኮማትሮ ፍሬሙን ጠመዘዘው፣ ለካ በደንብ ሳንወጥር ነው የቀባነው። እሱን ጠማማ ሸራ እስካሁን አልጣልነውም።

እውነተኛው ነገር የመጣው ግን ከቡና ነው። ነርሷ ቤት ነበርን፣ ቡና እየተፈላ፣ ቀለም አልቆብናል። የቤት እመቤቷ ሲኒ ሥር የቀረውን አቦል በብሩሽ ነክታ ወረቀት ላይ አስኬደችው። ቡናማ፣ ጥቁር ለማለት ትንሽ የቀረው። ቶናው ሲመጣ እሱን ነካች፣ ቀለል አለ። በረካው ሲመጣ ደሞ እንደ ጭስ፣ እንደ ጉም ሆነ። በሙሉ ዝም አልን። ሦስት ቀለም እኮ ነው! ስንት ዘመን ጠጥተነዋል፣ ጀበናው ራሱ ደማቁን፣ መካከለኛውን፣ ፈዛዛውን በተራ በተራ ሲያቀርብልን ኖሯል፣ አላየነውም።

ከዛ ቀን ጀምሮ ሥርዓታችን እንዲህ ሆነ። አቦል ላይ እርስ በርስ እንሣሣላለን፣ ወረቀቱን ሳናይ፣ ዓይናችን ሰውየው ላይ፣ እጃችን ብቻውን ይሄዳል። አፍንጫ ግንባር ላይ ይወጣል፣ ጆሮ ከወረቀት ይወድቃል፣ በሳቅ እንሞታለን፣ ደሞ በሚገርም ሁኔታ ሰውየውን ይመስላል። ሞባይል ጠጋኙ አንድ ቀን እኔን በጎን፣ በአንድ ዓይን ሣለኝ። "ከክፉዎቹ መደብከኝ?" አልኩት። "ብድሬን እስክትመልሺ" አለኝ። ቶና ላይ ወረቀት እንቀያየራለን፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀጥላል። በረካ ላይ ሁሉንም መሬት ላይ ዘርግተን እናያለን።

እዚች ጋ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ስናይ "ይሄ ያምራል፣ ይሄ አያምርም" እንባባል ነበር። አንድ ቀን እኔ፣ ማንም አይደለም እኔ ራሴ፣ የነርሷን ሥዕል አንስቼ "ይሄ ሰው ነው በግ?" አልኩ። ሁሉም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራ አለብኝ አለች። በቀጣዩም። ሁለት ወር ቀረች። ለካ ሥዕሉ ተረኛ በነበረችበት ሌሊት ያረፉ አንድ ታካሚዋ ነበሩ። እቤቷ ሄጄ ደጅ ላይ ቆምኩ፣ ይቅርታ ስላት "አንቺ አይደለሽ እንዴ ስለ ምን ታየሽ ስታወሪ የነበርሽው?" አለችኝ። ምን ልበል? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ከዛ በኋላ ሕግ አወጣን። በረካ ላይ ያምራል የለም፣ አያምርም የለም። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ምን ታየህ? ምን ታየሽ? ያምራል ያለ ሰው የሚቀጥለውን ሳምንት ቡናና ስኳር ይገዛል። ስኳር በዚህ ዋጋ! ማንም አይደፍርም።

አንድ ታሪክ ነግሬያችሁ ወደ ሥራ እንገባለን። ሹፌሩ ጓደኛችን ካዛንቺስ ነው ተወልዶ ያደገው። ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ሲባል፣ ያው ታውቃላችሁ በ2017 የሆነውን፣ "ዛሬ ቅዳሜን እኛ ቤት እናድርገው" አለን። ሄድን። እናቱ ዕቃ በማዳበሪያ እያሰሩ ነው፣ ቡፌው ወጥቷል፣ ጀበናው ግን አልታሸገም፣ "ለናንተ ብዬ ነው ያስቀረሁት" አሉን። ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠን አራታችን አንድ አንድ ነገር ያዝን። እኔ የቆርቆሮውን በር፣ ነርሷ የውሃ ቧንቧውንና ሥሩ ያለውን ባልዲ፣ ሞባይል ጠጋኙ ኤሌክትሪክ ቆጣሪውን፣ የቤት እመቤቷ ማድ ቤቱን ጥላሸቱን ጨምራ። ሹፌሩ ምንም አልሣለም፣ ብሩሹን ይዞ ተቀምጦ ብቻ ቀረ። አላስገደድነውም።

በረካው ሲቀዳ እናቱ መጥተው ጎንበስ ብለው አዩ። ሕጉን አያውቁትም እኮ፣ ግን ከኛ አንዳችን ጠየቅናቸው፣ "እማማ ምን ታየዎት?" ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዛ በሩን፣ እኔ የሣልኩትን በር በጣታቸው እያሳዩ "ማጠፊያውን ረስተሽዋል፣ እዚህ ጋ ነው፣ ሲከፈት ይጮሃል፣ ልጄ ማታ አምሽቶ ሲገባ የማውቀው በሱ ነው" አሉኝ። ብሩሹን ሰጠኋቸው። ሳያቅማሙ ተቀበሉኝ፣ አቦሉ ቀዝቅዞ ሲኒ ሥር ቀርቶ ነበር፣ በሱ ማጠፊያዋን አስገቡልኝ። ሁለት ነጠብጣብና አንድ ሰረዝ።

አሁን ኮንዶሚኒየም ናቸው፣ አራተኛ ፎቅ። ሥዕሉ በሩ ጀርባ ላይ ተሰቅሏል። ባለፈው ስንሄድ አዲሱ በር ድምፅ የለውም ብለው ሲያማርሩ ነበር።

እሺ። እሺ። ውሃ ልጠጣ።

አሁን ልጆቹ ወረቀትና ከሰል ያድላሉ፣ ከሰሉ የማድ ቤት ከሰል ነው፣ እጅ ያቆሽሻል፣ ነጭ የለበሳችሁ ተጠንቀቁ። ከጎናችሁ ወዳለው ሰው ዙሩ። የማታውቁት ከሆነ ስሙን ጠይቁት። ጋሼ እርስዎ ወደዚች ልጅ ይዙሩ፣ አዎ፣ እንደዛ። ሁለት ደቂቃ ነው ያላችሁ። ዓይናችሁ ሰውየው ፊት ላይ፣ እጃችሁን ከወረቀቱ ሳታነሱ፣ ወረቀቱን ግን ሳታዩ። ከዛ ትቀያየራላችሁ፣ ምን እንደምትጠያየቁ ታውቃላችሁ።

ጀምሩ!

ኧረ አንተ! ግማሽ እጅ ያወጣኸው! ወረቀቱን አትይ አልኩህ እኮ!